ግቢያችሁ ለሚመጡ ወፎች፦ ስልክና ሁለት መስመር ግጥም

ድሬ ያላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ኒም ወይ ማንጎ ካለ ጠዋት ወፍ አይጠፋም፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስለምትከር እነሱም ጥላ ፍለጋ ይገባሉ ፎቶውም ይነጣል።

ጣባ ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ጥላ ስር አስቀምጡና ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ውሃውን ግን በየቀኑ ድፉት፣ ዴንጊና ወባ ድሬ ላይ ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። ዙም አታድርጉ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ የወፏ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጉና ደጋግማችሁ አንሱ፣ በኋላ ክሮፕ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር ግጥሙ ነው። ፎቶው ስር ሁለት መስመር ጻፉ፣ "ውብ ወፍ" ምናምን ሳይሆን ስታደርግ ያያችሁትን። ቢጫውን ጎጆ ሠሪ ወፍ እዩት እስቲ፣ ሣሩን የሚሸምነው ወንዱ ነው፣ ሲጨርስ በሩ ላይ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጠራታል፣ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል! እኔ እንዲህ ጻፍኩለት፦

ሣር ለቅሞ ሣር ቋጥሮ ጎጆ ቀለሰላት፣
አየት አርጋ ወጣች፣ አፍርሶ ሠራላት።

እንቁላል ወይ ጫጩት ካለ ግን ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፉን እንዳትጎትቱ፣ ከሩቅ ይበቃል።