ጠገራ ብር በኢቤይ ጨረታ ስትሸጡ እንዳትከስሩ

አሜሪካ በምንኖር ብዙዎቻችን ቤት አንድ ሁለት ጠገራ ብር አይጠፋም። ከእናት አንገት የወረደ ነው፣ ወይም አያት በሣጥን ያኖሩት። ከመሸጣችሁ በፊት እባካችሁ ቤተሰብ ጠይቁ። አንዴ ከሄደ አይመለስም። ቁርጥ ውሳኔ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ፣ አታጽዱት! እኔ የመጀመሪያውን ስሸጥ በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብረቀረቅኩት። መስታወት መሰለ። ሁለት ሰዎች ፎቶውን አይተው "ይሄ ተፈትጓል" ብለው ጻፉልኝ። በመጨረሻ ሌሎች የሸጡበትን ግማሽ እንኳ አላገኘሁም። ሰብሳቢ የሚወደው ያንን በዕድሜ የመጣ ጥቁረት ነው። ፍትጊያ የብሩን ፊት ይጭረዋል፣ ጭረቱም አይጠፋም። ስታነሡት ጠርዙን ብቻ ያዙ።

ቀጥሎ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ብሩ ላይ 1780 ይላል። ይህን አይቶ "ከ240 ዓመት በላይ የቆየ" ብሎ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ብሩ ግን ዓመቱ ሳይቀየር በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። የጣሊያኑ ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ አስመትቷል። የእናንተው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ባለሙያ ካልነገራችሁ "1780 የሚል ጽሑፍ ያለበት" ብላችሁ ጻፉ። "በ1780 የተሠራ" አትበሉ። ገዢው "እንደተባለው አይደለም" ካለ ዕቃውን ይመልሳል፣ ገንዘቡን ይወስዳል፣ የመመለሻውንም ፖስታ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ ሚዛን ላይ አድርጉት። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ዙሪያውን ብቅ ብቅ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለው፤ "በፍትሕና በምሕረት" ማለት ነው። ጽሑፉ ከሌለ ወይም ክብደቱ በጣም ከቀነሰ ባለሙያ ሳያየው አትለጥፉት። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከነበረም ምልክቱን በቅርብ ፎቶ አንሡት፣ በጽሑፍም ግለጹት።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሡ፣ ፍላሽ አጥፉ። ሁለቱም ፊት ጠርዙም ይታይ። ርዕሱ የሚፈቅደው 80 ፊደል ብቻ ስለሆነ "በጣም ቆንጆ" በሚል አታባክኑት፣ ማንም እንደዚያ ብሎ አይፈልግም። የማርያ ትሬዛን ስም፣ ታለር (ጠገራው በውጭ የሚጠራበት ስም)፣ 1780፣ ኢትዮጵያ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ሳትሳሳቱ ጻፉ። ስሟ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ፈላጊው አያገኛችሁም።

ዋጋ ላይ ቀስ በሉ። ሻጭ የጠየቀውን ትታችሁ ገዢ የከፈለውን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። በ1 ዶላር መጀመር ተጫራች ሲበዛ ያዋጣል። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ግን በዚያችው 1 ዶላር ይወስደዋል። ስለዚህ የዕለቱን የአንድ አውንስ ብር ዋጋ በ0.75 አባዙ። ጠገራው ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ይህን ያህል ነው። ከዚያ በታች አትጀምሩ። ዋጋው እንዲወጣ ብላችሁ የአክስት ልጅ አታስጫርቱ፤ ክልክል ነው፣ አካውንት ያዘጋል። ኢቤይ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው የፖስታውን ክፍያ ጨምሮ ከጠቅላላው እንደሆነም አትርሱ።

ጨረታው የሚዘጋው በተከፈተበት ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከለጠፋችሁ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ያልቃል። ብዙ ተጫራች ደግሞ እጁን የሚያወጣው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ነው። እኔ እሑድ በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለ7 ቀን እከፍታለሁ። ያኔ ካሊፎርኒያ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ሲሸጥ ብሩን በሁለት ካርቶን መሃል አጣብቁት፣ እንዳይንቀሳቀስ። ባዶ ፖስታ ውስጥ የገባ ጠገራ ወረቀቱን ቀዶ ይወጣል። ትራኪንግ ቁጥር የግድ ነው። ጠቅላላው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ የተቀባዩን ፊርማ የሚያስፈርም አላላክ ምረጡ። አለበለዚያ "አልደረሰኝም" ቢባል ተከራካሪ የላችሁም።

"ከኢቤይ ውጪ እንጨርስ" የሚል ሰው ከመጣ አትመልሱለት። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ "ትርፉን መልስልኝ" የሚልም ያው ነው፤ ቼኩ በኋላ ይመለስባችኋል። ስልካችሁ ላይ የሚመጣን የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ለማንም አትንገሩ። እውነተኛ ገዢ ኮድ አይጠይቅም።