18 የቡና ናሙና በአንድ ፕሌት ላይ እንዴት ይመረመራል

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ 42 ከረጢት የተፈጨ ቡና ተደርድሮ ነበር። ሁሉም ከሱቅና ከገበያ የተገዛ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ የትኛው ንጹህ ቡና ነው፣ የትኛውስ የተቆላ ገብስ ገብቶበታል? ቡና ካፌይን አለው፣ ገብስ የለውም። ስለዚህ ካፌይኑን ማየት ነው።

ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ለያይቶ የሚለካው፣ ኤችፒኤልሲ የሚባለው ማሽን ይህን በደንብ ይሠራል፤ ግን ናሙና የሚቀበለው አንድ በአንድ ነው። ለአንዱ 15 ደቂቃ ብንይዝና እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ብናስኬድ 31 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ተመለሱ። አቅም ያላቸው ቤተ ሙከራዎች ሁለት ኮለም (ናሙናው እያለፈ የሚለያይበት ቱቦ) ይገጥሙና አንዱ ሲሠራ ሌላው ይታጠባል። 24 ቀጫጭን ኮለሞችን ጎን ለጎን የሚያስኬድ መሣሪያም ተሠርቶ ነበር። እኔ ያለኝ ሲሊካ የሚባል ነጭ ዱቄት የተቀባ መስታወት ነው፤ ፕሌት የምለው እሱን ነው። ዘዴውን ቲኤልሲ ይሉታል። ፈሳሹ ከታች ወደ ላይ በሲሊካው ውስጥ ይወጣል፤ 18 ናሙናዎችም ጎን ለጎን አብረውት ይጓዛሉ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በዚያ ላይ ሲጓዝ መብራት አይፈልግም።

ማወዳደሪያውን ቀድሞ መሥራት

ንጹህ ካፌይን ብቻውን አይበቃም። እኔ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ጥሬ ቡና ገዛሁ፤ ራሴ ቆልቼ በሙቀጫ ወቀጥኩት። ገብስም ቆልቼ ወቀጥኩ። ከዚያ ሁለቱን እኩል በእኩል በሚዛን ደባለቅሁ። አሁን ንጹሁ ምን እንደሚመስል፣ ግማሽ በግማሹም ምን እንደሚመስል በእጄ አለ።

ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሽ ግራም ውሰዱ። ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ጨምሩበት፤ 20 ደቂቃ በሞቀ ውኃ አቆዩትና አጥልሉት። ስለ ሙቀቱ ግን ልንገራችሁ። ያነበብኩት መመሪያ 60 ዲግሪ ይል ነበር፤ እኔም እንዳለው አደረግሁ። ሜታኖል በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው ወደ 65 ዲግሪ ላይ ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ 60 ሲጠጋ ይፈላል። ሁለት ክዳን ተስፈንጥሮ አንዱ ኮርኒስ ነካ። 50 ይበቃል፤ ክዳኑንም አታጥብቁት። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ፣ የሚገድልም መርዝ ነው። እሳትም ይወዳል። መስኮት ክፈቱ፤ በአቅራቢያው ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ይውጣ።

ፕሌቱና የክረምት አየር

20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አረንጓዴ የሚያበራ ዓይነት ፕሌት ያዙ። ከታች 1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ በእርሳስ ስስ መስመር አስምሩ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ አብሮ ይጓዛል። ከግራም ከቀኝም 1.5 ተዉና በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ 18 ቦታ ይወጣል።

ከዚያ 110 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ለ30 ደቂቃ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በጋ ላይ ላያስቆጫችሁ ይችላል። ሐምሌ ላይ ግን ከሐይቁም ከሰማዩም እርጥበት ነው፣ ሲሊካ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። እኔ አንድ ቀን በደንብ ያደረቅሁትን ፕሌት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፤ ያው ነጭ ነው። ስሠራበት ግን ካፌይኑ ከጠዋቱ ፕሌት ይልቅ በጣም ከፍ ብሎ ወጣ። ሲሊካው እርጥበት ሲጠጣ የመያዝ አቅሙ ይላላል። የጠዋቱን ከከሰዓቱ ጋር ማወዳደር አልተቻለም፤ 14 ናሙና እንደ አዲስ። ከኦቭን ሲወጣ ደሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ፣ ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ወዲያው ሥሩበት።

ነጥብ መጣል

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የተቀረው መጠበቅ ነው።

1ኛውና 18ኛው ቦታ ላይ ያንኑ የዘጌ ቡና ጣሉ። 7ኛው ላይ ግማሽ በግማሹን፣ 12ኛው ላይ ንጹሁን ካፌይን። የቀሩት 14 ቦታዎች የናሙና ናቸው፤ 42ቱ በሦስት ፕሌት ያልቃሉ ማለት ነው። ማወዳደሪያውን ሁለቱም ዳር ላይ ማድረጌ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ ነጥቦች እኩል ካልወጡ ፕሌቱ ተጣሟል፣ አትመኑት።

ከእያንዳንዱ ናሙና 5 ማይክሮ ሊትር ነው የሚጣለው። ችግሩ ሜታኖል በሲሊካ ላይ ኃይለኛ መሆኑ ነው። 5ቱን በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት ነጥቡ ይሰፋል፤ ካፌይኑን ወደ ጠርዙ ገፍቶ ቀለበት ያደርገዋል። መጀመሪያ የሠራሁት ፕሌት ላይ ነጥብ ሳይሆን የተደረደሩ ቀለበቶች ነበሩ፤ ሲወጡም እርስ በእርስ ተቀላቀሉ። አሁን ካፒላሪውን፣ ማለትም ናሙናው የሚጣልበትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ነካ አደርግና አነሳለሁ። የነካሁት ቦታ ረጥቦ ይጠቁራል፣ ወዲያው ይነጣል። ሲነጣ እንደገና። አምስት ስድስት ጊዜ። ነጥቡ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ በቀዝቃዛ አየር ብቻ።

ሌላው የእጅ ነገር ነው። ካፒላሪው ሲሊካውን መጫር የለበትም። የተጫረ ቦታ ላይ ፈሳሹ ይዞራል፤ ነጥቡም እንደ እንባ ተጎትቶ ይወጣል። እኔ ክንዴን በሁለት መጽሐፍ ላይ አስደግፋለሁ፤ ቡናም የምጠጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ። ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ካፒላሪ። "አጥቤ እጠቀማለሁ" የሚል ሰው አውቃለሁ፤ በሱ ፕሌት ላይ ገብሱም ካፌይን አለው!

ታንኩ

ታንክ የምለው ፕሌቱ የሚቆምበትን፣ ክዳን ያለውን ዕቃ ነው። ለሚወጣው ፈሳሽ 85 እጅ ኢቲል አሲቴት፣ 15 እጅ ሜታኖል ቀላቅላችሁ ጨምሩበት። ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ይሁን፤ የእርሳሱን መስመር ከነካ ናሙናችሁ ታንኩ ውስጥ ሟሟ፣ አለቀ። ግድግዳውን በማጣሪያ ወረቀት አልብሱ፣ ወረቀቱ በፈሳሹ ይራስ፤ ክዳኑን ዘግታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ታንኩ በእንፋሎት ካልሞላ ፈሳሹ ከፕሌቱ ጠርዝ ይተናል፤ የዳሮቹ ነጥቦች ከመሃሎቹ ከፍ ብለው ይወጣሉ። በፎይል የተሸፈነ ዕቃ አልወድም፤ ያፈሳል። መስታወት ክዳን ይሻላል።

ፕሌቱን አስገቡ፣ አትነካኩት። ፀሐይ ባለበት መስኮት አጠገብም አታድርጉት። ፈሳሹ ከመስመሩ 15 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ አውጡትና የደረሰበትን ቶሎ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ በሰከንዶች ውስጥ ይደርቅና ይጠፋባችኋል።

ማንበብ

ክፍሉን አጨልማችሁ የ254 ናኖ ሜትር መብራት አብሩበት። መብራቱን በቀጥታ አትዩ። ፕሌቱ አረንጓዴ ያበራል፤ ካፌይኑ ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከታች የሚቀረው ቡናማ ጅራት የቡናው ሌላ ነገር ነው፣ ተዉት። ነጥቡ የተጓዘውን ፈሳሹ ለተጓዘው አካፍሉ፦ 6 ሴንቲ ሜትር ለ15 ቢሆን 0.4 ነው። ይህ ቁጥር ከ12ኛው ነጥብ ጋር ከገጠመ ካፌይን ነው። ከዚያ ድምቀቱን ከዘጌውና ከግማሽ በግማሹ ጋር አስተያዩ። በስልክ ስታነሱት 18ቱም በአንድ ፎቶ ይግቡ፤ ለየብቻ ካነሳችሁ ስልኩ ብርሃኑን በየጊዜው ይቀይረዋል።

በዓይን አይቶ "ይህ 10 በመቶ ገብስ አለው" ማለት አይቻልም። የቡና ካፌይን ራሱ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ግን ይለያል፤ ምንም ነጥብ የሌለውማ አያከራክርም። እኔ ከ7ኛው ነጥብ ጋር የተቀራረቡትን ብቻ መርጬ ወደ ኤችፒኤልሲ ላክሁ። ተራዬ በማግስቱ ደረሰ።

ያገለገለውን ፈሳሽ በጠርሙስ ሰብስቡ እንጂ ቧንቧ ላይ አትድፉት፤ ከታች ያለው ጣና ነው።