የአድናቂ ኮሚክ ስንሠራ የሚደጋገሙ ስሕተቶችና ማረሚያዎቻቸው

ጃፓናውያን በራሳቸው ወጪ አሳትመው እጅ በእጅ የሚሸጧቸውን ጽሑፎች ዶጂንሺ ይሏቸዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አንድ አድናቂ የሚወደውን የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ወይም የአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ገጸ ባሕርይ ወስዶ አዲስ ታሪክ የሠራላቸው ኮሚኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ በቶክዮ የተጀመረው ኮሚኬት የተባለው የዶጂንሺ ገበያ በመጀመሪያ ቀኑ 32 ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበት ሲሆን፣ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍበታል። ይህን ሥራ በአማርኛ መሞከር የሚፈልግ ሰው ከእነዚያ ሠሪዎች የሚማረው ብዙ ነው፤ እንዳለ የሚገለብጠው ግን ጥቂት ነው፤ ፊደሉም፣ የንባብ አቅጣጫውም፣ ሰዋስውም ሌላ ነውና። ባየኋቸው የጀማሪ ሥራዎች ሁሉ፣ የራሴን የመጀመሪያ ጥራዝ ጨምሮ፣ ስሕተቱ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሠሪው በልቡ ያለው ነገር ገጹ ላይም ያለ ይመስለዋል።

ይህ መጀመሪያ የሚታየው በታሪኩ ላይ ነው። አድናቂ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ቤተሰቡ ስለሚያውቃቸው ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደተጣሉ፣ የት እንዳሉ ሳያሳይ ጠቡ መሃል ዘው ይላል፤ ወይም በተቃራኒው ሦስት ገጽ ሙሉ የቀደመ ታሪክ ይተርካል። በዚህ ላይ ሃያ ምዕራፍ አቅዶ ሁለተኛው ላይ ይደክመዋል። ለመነሻ የሚሻለው ስምንት ገጽ ነው፤ ሁለት የኤ4 ወረቀት መሃሉ ላይ ታጥፎ ስምንት የኤ5 ገጽ ይወጣዋል። በስምንት ገጽ አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰውና አንድ የሚለወጥ ነገር በደንብ ይበቃል። ረቂቁን ደግሞ የመጀመሪያውን ሥራ ለማያውቅ የቤት ሰው ያሳዩት። «ይሄኛው ደግሞ ማነው?» ያለበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ዝም ይበሉ፤ በቃል ያስረዱት እንደሆነ ፈተናው ተበላሸ።

የንባብ አቅጣጫ ቀላል የሚመስል ከባድ ጉዳይ ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ማንጋ በማንበብ የሠለጠነ እጅ ሳያስበው ቀድሞ የሚናገረውን ሰው በስተቀኝ ይሥለዋል። በአንድ ሣጥን ውስጥ በስተቀኝ የቆመው ልጅ «ቁልፉን ማን ወሰደው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በስተግራ ያለችው ልጅ «እኔ አላየሁም» ብትል፣ የአማርኛ አንባቢ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያነበዋል። የሥዕሉን ግራና ቀኝ በኮምፒውተር ማቀያየር መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰይፉ ወደ ግራ እጅ ይሄዳል፣ ጉንጭ ላይ ያለው ጠባሳም ቦታውን ይለውጣል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ከአድናቂ የሚሰውረው የለም። ማረሚያው ከሥዕሉ በፊት ነው፦ በእርሳስ ሣጥኖቹንና የንግግር ፊኛዎቹን ብቻ ሥሎ፣ ቃላቱን በውስጣቸው ጽፎ፣ ያለ ሥዕል ማንበብ።

ፊኛው ራሱም ወጥመድ አለው። በማንጋ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ፊኛው ቀጭንና ረጅም ነው። በአማርኛ ግን «አልተመለሱልንም» አንድ ቃል ነው፤ በቀጭን ፊኛ ሲገባ ወይ ፊደሉ ያንሳል ወይ ቃሉ ይሰበራል። የጥንት የብራና ጸሐፊዎች መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን ያለ ጭንቀት ይሰብሩት ነበር፤ ሁለት ነጥቡ የቃሉን ፍጻሜ ያሳይላቸዋልና። እኛ በባዶ ቦታ ስለምንለይ «አልተመለ» ብሎ የቆመ መስመር አንባቢን ያደናቅፋል። ስለዚህ ቃሉን አስቀድሞ መጻፍ፣ ፊኛውንም በዙሪያው ሰፋ አድርጎ መሣል ይገባል። ፊደሉን ማሳነስም የራሱ ዋጋ አለው፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ጭረት መሃል ላይ ወይም እግር ላይ መቀመጧ ብቻ ስለሆነ፣ ወፍራም ቀለም ያለው ትንሽ ፊደል ሲታተም ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እኔ በኤ5 ገጽ ላይ ከ9 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) አልወርድም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቃለ ምልልሱ ነው። ብዙ ጀማሪዎች በእንግሊዝኛ ያነበቡትን አነጋገር በልባቸው እየተረጎሙ ይጽፋሉ፤ ሰዋስዉም ያጋልጣቸዋል። ጭምብል ያጠለቀ፣ ወንድ ይሁን ሴት ያልታወቀ ተዋጊ አለ እንበል። በአማርኛ ተራኪው ገና «ከጣሪያው ዘለለ» ሲል ጾታውን ወስኖታል፤ መጨረሻ ላይ ሴት ሆና ብትገኝ አንባቢው የሚያዝነው በተራኪው ውሸት ነው። «ከጣሪያው ላይ አንድ ጥላ ወረደ» ቢባል ግሱ የጥላው ይሆንና ምስጢሩ ይጠበቃል። ሌላው ገጸ ባሕርይ «አንተ ማነህ?» ብሎ ቢሳሳት ግን ስሕተቱ የእሱ ስለሆነ ያስኬዳል፤ እንዲያውም መገለጡን ያጣፍጠዋል። የአክብሮት አነጋገርም እንዲሁ ነው። «ሰንሴይ፣ መቼ ትመጣለህ?» የሚል ደቀ መዝሙር አንብቤያለሁ፤ የጃፓንኛውን የአክብሮት ቃል አስቀርቶ አክብሮቱን ጥሎታል። «መምህር፣ መቼ ይመጣሉ?» ቢል ቃሉም ግሱም ይስማማሉ። አንዱ ገጸ ባሕርይ ሌላውን አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ የሚለው የትኛውን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ መያዝ፣ «እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚለወጥበትንም ገጽ አስቦ መምረጥ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ በውጊያ ታሪክ ውስጥ ከሰይፍ መምዘዝ የማይተናነስ ስድብ ይሆናል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም ጥንቃቄ ያሻል። «ይመታል» የሚለው ቃል ብቻውን ፊኛ ውስጥ ከገባ መቺውን ይሁን ተመቺውን አይለይም፤ በድብድብ ገጽ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ለድምፅ «ባንግ» እና «ክራሽ» ብሎ መጻፍ ደግሞ የሞላ ጎተራ ይዞ መለመን ነው። ጥይት «ዷ» ይላል፣ በር «ጓ» ይላል። ድምፅ የሌለውን እንኳ እንጠራዋለን፤ መብራት ሲጠፋ «ድርግም»፣ ሰው ሲደነግጥ «ክው»። ጃፓኖች በማንጋቸው የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እነዚህን ቃላት ከተዘጋጀ ፎንት ከመለጠፍ በእጅ ጽፎ የሥዕሉ አካል ማድረግ ይመረጣል።

ስለ መብት ባጭሩ፦ ገጸ ባሕርያቱ የሌላ ሰው ናቸው። በጃፓን ባለመብቶች ዶጂንሺን ባብዛኛው አይተው ያልፉታል፤ ይህ ግን ፈቃድ አይደለም። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለውጦ የማዘጋጀትን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል። የዋናውን ሥራ አርማ ሽፋን ላይ አያድርጉ፤ የአድናቂ ሥራ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ወደ ኅትመት ሲመጣ ዋናው ስሕተት ስክሪኑን ማመን ነው። ወርዱ 1,080 ፒክስል የሆነ ገጽ በስልክ ላይ ያምራል፤ 148 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የኤ5 ወረቀት ላይ ግን በኢንች 185 ፒክስል ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ለጥቁር መስመር የሚፈለገው 600 ነው። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ተጨምሮበት ሸራው (ባዶው የሥዕል ፋይል) ከመጀመሪያው 3,638 በ5,102 ፒክስል ሆኖ ይከፈት፤ ንግግር ግን ከመቁረጫው ጠርዝ ራቅ ይበል። በነጠብጣብ የተሠራ ጥላ ያለበትን ገጽ አጠናቅቆ ማሳነስ ሞገድ የመሰለ ጉድፍ ያመጣል። በስክሪን የሚያበራ ሰማያዊና አረንጓዴም በወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

የገጾቹ ብዛት በአራት ይካፈል። የእኔ የመጀመሪያ ጥራዝ 14 ገጽ ነበር። በስቴፕል የሚጠረዝ መጽሐፍ እያንዳንዱ ወረቀት አራት ገጽ ስለሚይዝ ሁለት ባዶ ገጽ መጨመር ግድ ሆነ፤ የት እንደሚገቡ ስላልነገርኩ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ገባ። ታሪኩ በአንድ ገጽ ስለተንሸራተተ፣ አንባቢ ቅጠል ገልጦ ሊደነግጥበት ያሰብኩት ሥዕል ከቀደመው ገጽ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀድሞ ይታይ ጀመር። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ጥራዝ ድንገተኛው ሥዕል በተጋማሽ ቁጥር ገጽ ላይ፣ ማለትም በግራ በኩል ይዋል። ፋይሉንም ፎንቱን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ያስረክቡ፤ አለዚያ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል።

ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት ንግግር የበዛበትን አንድ ገጽ በትክክለኛው መጠን አትመው፣ በመቁረጫው መስመር ቆርጠው፣ ማታ በቤትዎ መብራት ያንብቡት። «ቡ» እና «ቢ» ካልተለዩ ፊደሉን አንድ ነጥብ ያሳድጉና እንደገና ያትሙ።