ሀረጎ ላይ የሚፈላ ሞተር፦ ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ1,850 ሜትር ከፍታ ተነስተን 2,500 ሜትር አካባቢ እንወጣለን። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው የመንገዱን ዳገት፣ ሀረጎን ሲጀምር ዓይኑ የሙቀት ጌጁ ላይ ነው።

የእኔ ዲኤክስ (አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት) ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደጋግማ ፈላችብኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ ብዙም ሳያይ "ቴስታታ ነው" አለኝ፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት ማለቱ ነው። ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀየረ። በሳምንቱ እዚያው ኩርባ ላይ ፈላች። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው የራዲያተር ክዳን ላይ ነው። ላስቲኩ ዙሪያውን እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ነበር። ያ ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱ፦ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው?

መንገድ ላይ እያላችሁ ከሞቀ

ኤሲ ካለ አጥፉ። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀቱን ይጋራል። እንፋሎት ከወጣ ግን ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ስትነሱ ደግሞ ድንጋዩን አንሱት፣ አደራ። በሀረጎ ጉም ውስጥ መሃል መንገድ የቀረ ድንጋይ የሰው ሕይወት ያጠፋል። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንኩት። ስትከፍቱም በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ ይሁን። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ

ከክዳኑ ጀምሩ። ደሴ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናውም ወደ 90 ይጠጋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል የግፊት ልክ የተጻፈበት ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቆላ ላይ የሚታገሰው ሞተር እኛ ጋ ይፈላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ላስቲኩን እዩ፣ ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ተጫኑ። ሲበርድ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨምድዶ ከተገኘም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የክዳኑ ነው፤ ውሃ መልሶ የሚያስገባው ትንሹ ቫልቭ ተጣብቋል ማለት ነው። ስትቀይሩ ቁጥሩ ተመሳሳይ ይሁን።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ራዲያተሩ ተዘግቶ ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፊቱን በእጃችሁ በጥንቃቄ ዳብሱት። መሃሉ ቀዝቃዛ፣ ዳሩ ትኩስ ከሆነ ውሃ አይዞርበትም። ዝገትና የውሃ ቆሻሻ ነው። ይታጠብ፣ ከዚያ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይሞላበት። ከቦርከና ወንዝ በጀሪካን ቀድቶ መሙላት መንገድ ላይ ለጨነቀው ሰው ነው፤ ቤት ሲደርሱ መገልበጥ አለበት።

ስትቆሙ የሚሞቅ፣ ስትነዱ የሚበርድ

ፒያሳ ላይ መንገድ ሲዘጋ ጌጁ ከወጣ፣ ገላጣ መንገድ ላይ ከወረደ፣ ራዲያተሩን የሚያበርደው ፋን ነው። በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) የሚዞር ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም አርጅቷል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዙን፣ ከዚያ የሙቀት ማብሪያውን እዩ።

ከተነሳ በጥቂት ደቂቃ የሚግል

ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ሳይከፈት ቀርቷል። የላይኛው ቱቦ ትኩስ፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። አውጥታችሁ ድስት ውስጥ በውሃ ቀቅሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ88 መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። የደሴ ድስት ደግሞ ከ92 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ ከተላቀቀ ይሠራል፤ አትጣሉት። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ቀይሩት።

"አውጥተን ያለ ቴርሞስታት እንንዳው" የሚለውን ምክር ግን አልወደውም። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ቶሎ ያልቃል።

ሳያፈስ ውሃ የሚጎድል

አሁን ጓርኒሲዮንን መጠርጠር ይቻላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን አውልቁና አስነሱ። ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከተፋ የሲሊንደሩ ግፊት እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውን ምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሏል፤ መኪናውን አትንዱት። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን አትደንግጡ፤ በብርድ ጠዋት እርጥበት እንደዚያ ያደርጋል። ቴስታታ የሚወርደው እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ነው። ሲወርድም መጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ይለካ፣ ቡሎኖቹም በቅደም ተከተል በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠበቁ።

ከጥገናው በኋላ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ የትርፍ ውሃ ፕላስቲኩ ላይ በውሃው ልክ መስመር አድርጉ። ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ሞተሩን ሳታስጨንቁ ውጡ። ደሴ ስትደርሱ ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ጠጡና ተመልሳችሁ መስመሩን እዩ። ውሃው እዚያው ካለ ጥገናው ይዟል።