ከደቻቱ አሸዋ ሥር ባቡር ለማሳለፍ የሚያስብ መሐንዲስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። ስለዚህ የምህንድስና ተማሪዎቼ «አንድ ቀን በከተማችን ሥር ባቡር ይሄድ ይሆን?» ብለው ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሐሳቡ ሳይሆን ስለ መሬቱ ይዘውት የሚመጡት እምነት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደረቅ ወንዝ አይቶ መሬቱም ደረቅ ነው ማለት ነው። በከተማችን መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በበጋ በእግር የሚሻገሩት አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንዲህ ያለ ደራሽ ውሃ ሁሉም አልፎ አይሄድም፤ ከፊሉ ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል 10 ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ የዋሻ ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ግፊት ይችላል። የውሃውን ከፍታ የሚነግረን በጥር አንድ ቀን የተወሰደ ልኬት ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚታይ የመመልከቻ ጉድጓድ ነው።

ሁለተኛው፣ ጥቂት የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ ቆፍሮ በመካከላቸው ያለውን መሬት በማስመሪያ ማገናኘት። እዚህ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ትልልቅ ድንጋይ ተደራርቧል። ከከተማዋ ደቡብ ባለው ተራራ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ደግሞ የኖራ ድንጋይን ውሃ ሊቦረቡረው እንደሚችል ያሳያል። በ50 ሜትር ልዩነት የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሳይነኩት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሦስተኛው ውሃውን በፓምፕ እያወጡ ጎረቤትን መርሳት ነው። የውሃው ከፍታ ሲወርድ አፈሩ ክብደቱን በራሱ ይሸከማል፣ ይጨመቃል፣ በላዩ ያለው ቤትም ይሰነጠቃል። ግድግዳው ቀዳዳ ካለው ደግሞ ውሃው አሸዋውን ይዞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በጀርመን ኮሎኝ የከተማዋ ቤተ መዛግብት ከመሬት በታች ለሚሄድ ባቡር ከሚደረግ ቁፋሮ አጠገብ በደቂቃዎች ውስጥ ተደረመሰ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ኮሎኝ የቆመችው ራይን ወንዝ ባስቀመጠው አሸዋና ጠጠር ላይ ነው። እኛስ ምን ላይ ነው የቆምነው?

በአራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሊሞትበት ይችላልና። የግድግዳውን እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሲናገር አለመስማት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2004 በሲንጋፖር ኒኮል ሀይዌይ አጠገብ ከ30 ሜትር በላይ የወረደ ቁፋሮ ተደርምሶ አራት ሰዎች ሞቱ። ስሌቱ የለስላሳውን ሸክላ ጥንካሬ ከእውነተኛው በላይ ገምቶት ነበር፤ የብረት ድጋፎቹ ከግድግዳው ጋር የሚገናኙበት ቦታም ደካማ ነበር። ግድግዳው ከታሰበው በላይ እየጎበጠ መሆኑን መለኪያዎቹ አስቀድመው አሳይተዋል። የተሰጠው ምላሽ ግን ስሌቱን ደግሞ ሠርቶ የማስጠንቀቂያውን ገደብ ከፍ ማድረግ ነበር። ገደቡ ሲታለፍ ቁፋሮው መቆም አለበት፤ የማስቆም ሥልጣኑም ማለዳ ልኬቱን በሚያነበው ሰው እጅ ይሁን።

የመጨረሻው አጭር ነው፦ ከመሬት በታች የተሠራ የኮንክሪት ባቡር ጣቢያ ከባድ ስለሆነ አይነሳም ብሎ መተማመን። ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ የሚያፈናቅለው ውሃ ክብደት ከራሱና በላዩ ከተመለሰው አፈር ክብደት ከበለጠ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ስታሰሉ የደቻቱን የክረምት ሙላት ያዙ።