ትኩሳት ሲይዛችሁ ከባሕር ዳር መምጣታችሁን ተናገሩ

ይህን የምጽፈው ታና ዳር፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሜሪላንድ ለዕረፍት ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ዲቪ የደረሳቸው የሰፈር ልጆች ተራ በተራ እየመጡ በርበሬ ስንት ኪሎ ይበቃል፣ ጃኬት ከዚህ ይገዛ ወይስ ከዚያ እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ጤና ምርመራ የጠየቀኝ የለም። እናንተ በቅርቡ አሜሪካ የገባችሁትም ሳትጠይቁ እንደሄዳችሁ እገምታለሁ፤ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

በገባሁ በአምስተኛው ወር፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ትንሽ ቆይቶ እሳት ሆንኩ፣ ከዚያ ላብ በላብ። በማግሥቱ ምንም አልነበረኝም፤ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ገደማ ተመልሶ መጣ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ከትተው ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ መረመሩኝ፣ ሁለቱም የለብህም አሉኝ፣ ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙኝ። ከየት እንደመጣሁ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አምስት ወር ያለፈው ነገር ምን አገባው ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ ለእናቴ ስደውል ሳልጨርስላት፣ «ንዳድ ነዋ! ታና ዳር አድገህ ንዳድ ጠፋህ?» አለችኝ።

በማግሥቱ ሌላ ቦታ ሄጄ «ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት» ስል ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ደም ወሰዱ፣ በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

አገራችን ውስጥ በብዛት ያሉት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የሚባለው ካልታከመ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ባሕር ከተሻገራችሁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይነሣል። የተኛውን ከሚያጠፉት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማኪን ነው፤ እሱን ከመጀመራችሁ በፊት ግን ጂ6ፒዲ የሚባል የደም ምርመራ መሠራት አለበት። ሐኪሙ ከዘነጋ አስታውሱት።

እዚህ ጤና ኬላ የለመድነው ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣታችንን ወጋ ታደርግና አንድ ጠብታ ደም ካሴት በምንለው ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ታስቀምጣለች፣ ፈሳሹን ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ ሩብ ሰዓት ያህል እየተጫወትን እንጠብቃለን። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አልተገኘም፣ ሁለት ከሆነ መድኃኒት ይጀመራል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ካሴቱ ይጣላል። ልጅቱ የማን ልጅ እንደሆነች እናውቃለን፣ እሷም ቤታችንን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእኔ ትልቁ ብልሃቱ ይህ ነው፤ መርማሪዋ የሰፈር ሰው ናት።

አሜሪካ ይህን ፈጣን የወባ ምርመራ በየክሊኒኩ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። «የወባ የደም ምርመራ፣ ብለድ ስሚር» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። በመጀመሪያው ምርመራ ካልተገኘ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ እየተደገመ እስከ ሦስት ጊዜ መታየት አለበት። በካሴት ከመረመሯችሁም እሱ ብቻ አይበቃም። ኢትዮጵያ ውስጥ አንዳንዱ የፋልሲፓረም ተውሳክ ብዙዎቹ ካሴቶች የሚፈልጉትን ፕሮቲን እንደማያወጣ ተረጋግጧል፤ ወባው እያለ ካሴቱ የለም ሊል ይችላል።

የሰፈር ሰው የመሆኑን ነገር አሜሪካኖቹም ዘግይተው ደርሰውበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ራድክስ-አፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። ዓላማው የኮቪድ ምርመራን ሕክምና በወጉ ላልደረሳቸው ሰዎች ማድረስ ነበር፤ ሥራውም ከየማኅበረሰቡ ድርጅቶች ጋር እንዲሠራ ተደረገ። ወደ ሐበሻው ስንመጣ ይህ ማለት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር ማለት ነው። ስለዚህ ስትገቡ ዕድር ጠይቁ፤ ለሐዘን ብቻ አይደለም፣ የነጻ ምርመራ ቀን መቼና የት እንደሆነ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

እኔም አንድ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለጉበት ቫይረስ ማለት ነው፣ ምርመራ አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜ ነበር። ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣ ነርሷ ጓንት አድርጋ፣ አንድ ሰው አልቀረበም። የወፍ በሽታ ነው ስንላቸው ሰዎቹ ይሳሳቃሉ፤ የሌሊት ወፍ አሜሪካ ድረስ ተከትሎን መጣ ወይ እያሉ። በመጨረሻ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ውጤቱ ሲመጣ አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ ለአንድ ጎልማሳ «ፖዘቲቭ ነው» ብዬ እንዳለ ተረጎምኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ለእኛ ፖዘቲቭ የሚባል አንድ በሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ «የጉበት ቫይረሱ ምልክት ታይቷል፣ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል» ነው የምለው። ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይቀመጣል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አዋቂ ሁሉ ቢያንስ አንዴ እንዲመረመር ትመክራለች።

ስለ ቲቢ ባጭሩ፦ በልጅነታችሁ የቲቢ ክትባቱን ቢሲጂን ስለተከተባችሁ የክንድ ቆዳ ምርመራው ቲቢ ሳይኖርባችሁ ሊያብጥ ይችላል። የደሙን ምርመራ ጠይቁ፤ እሱን ክትባቱ አያሳስተውም።

ወሬው ይወጣል ብላችሁ የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከተማው ውስጥ ያለው ሐበሻ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ፍርሃቱ አይገርመኝም። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ነው የሚቀርበው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። አስተርጓሚው የምታውቁት ሰው ከሆነ «በስልክ ሌላ ሰው አምጡልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ኢንሹራንስ ከሌላችሁም የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት በገቢያችሁ ልክ ነው የሚያስከፍሉት፤ መክፈል ስላልቻላችሁ አይመልሷችሁም።

ትናንት የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ስለ በርበሬው ሦስት ኪሎ ይበቃሃል አልኩት። ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ ማስታወሻው ላይ «ወባ ካለበት ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት፣ ከሥሩም የሚበርበትን ቀን።