ፋይበር የባሰበት አንጀት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በሕክምና ስሙ አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት መቆጣት ችግር ያለበት ሰው «አሰር ያለው ምግብ አዘውትር» የሚል ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎች ምክሩን በቅንነት ተቀብለው ሲሞክሩት ሆዳቸው ከበፊቱ ይልቅ ይነፋል፣ ቁርጠታቸውም ይበረታል፤ ከዚያ ወይ ሕመማቸው መላ የሌለው ይመስላቸዋል፣ ወይ ፋይበርን ጨርሰው ይተዋሉ። አሰር ወይም ፋይበር የምንለው ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ የትኛውን፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደጨመሩ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕመሙ በእርግጥ አይቢኤስ መሆኑ ይረጋገጥ። በአገራችን ጃርዲያ ተመሳሳይ መነፋትና ተቅማጥ ስለሚያመጣ የሰገራ ምርመራ መዝለል አይገባም። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ምልክት፦ ፍሩሽካ ከጀመሩ ወዲህ ቁርጠቱ ባሰ

መንስኤው ፍሩሽካው ራሱ ሊሆን ይችላል። የስንዴ ፍሩሽካ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ሻካራ ፋይበር ነው፤ ጤነኛ አንጀትን ቢያነቃቃም ንክኪን ሁሉ እንደ ሕመም ለሚቆጥር አንጀት ግን ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ፍሩሽካ ከሞከሩት የአይቢኤስ ታማሚዎች 55 በመቶው እንደባሰባቸው፣ የተሻላቸው 10 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በኔዘርላንድ 275 ታማሚዎች ለ12 ሳምንታት በተሳተፉበት ሙከራ በቀን 10 ግራም ሲሊየም የተባለ የሚሟሟ ፋይበር የወሰዱት እፎይታ ሲያገኙ፣ ሙከራውን ቀድመው ያቋረጡት በብዛት ፍሩሽካ የተሰጣቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ እየታወቀ ፍሩሽካ ዛሬም ለእነዚህ ታማሚዎች መመከሩ በእውነት ያሳዝናል።

መፍትሄው ፍሩሽካውን አቁሞ በሚሟሟ ፋይበር መተካት ነው። ሲሊየም ኢስፓጉላ የተባለ ተክል ዘር ቅርፊት ሲሆን ውሃ ይዞ ዝልግልግ ይሆናል፤ በዚህም ጠባዩ ደረቁን ሰገራ ያለሰልሳል፣ የቀጠነውንም ያረጋል። በቀን 3 ግራም ገደማ ጀምረው በየሳምንቱ በጥቂቱ እየጨመሩ እስከ 10 ግራም ያድርሱት። ሁልጊዜ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት፤ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ሁለት ሰዓት ያራርቁት። የመዋጥ ችግር ወይም የአንጀት መጥበብ ያለበት ሰው ግን አይውሰደው። ውጤቱን ለመመዘን አራት ሳምንት ያህል ይታገሡ።

ምልክት፦ ጾም ሲገባ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል

እዚህ ሁለት መንስኤዎች ይደራረባሉ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር ስላላቸው ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል፤ የወጡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ሰውየው ከቅበላው ሥጋ በአንድ ቀን ወደ ጥራጥሬ ሲሻገር አንጀቱ ለመልመድ ፋታ አያገኝም። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ አንድ ጊዜ በብዛት መብላት ብቻውን የትልቁን አንጀት መኮማተር ይቀሰቅሳል።

ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጥራጥሬን በትንሹ መለማመድ ይረዳል። ምስርን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጋዝ የሚያመጣውን ስኳር ይቀንሳል፤ ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ ያለው አማራጭ መጠኑን ማሳነስና እንደ ካሮትና ድንች ካሉ አትክልቶች ጋር መብላት ነው። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሶ ፍሬውን ማውጣት ጣዕሙን ዘይቱ ውስጥ ያስቀራል፣ ምክንያቱም ሆድ የሚነፋው ስኳር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ማዕዱን ለሁለት ከፍሎ መብላትም ለሆድ ይቀላል። ሕመሙ ከጠና ለንስሐ አባት መንገር ተገቢ ነው፤ ለታመመ ሰው መላ አይጠፋም።

ምልክት፦ ፋይበር ተጨምሮም ድርቀቱ አልለቀቀም

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ውሃ ነው። የተቆላና የተፈጨ ተልባ በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከበቂ ውሃ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ቁርስ ላይ የአጃ አጥሚት መጠጣትም ጥሩ ነው። ተልባ ደረቁን ከተበላ ግን ጥቅሙ ይቀራል።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሎ ሕመሙ ይመላለሳል

አንጀትና አእምሮ በነርቭ ስለሚገናኙ ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ሕመሙን ያባብሳሉ፤ ይህ ማለት ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም፣ ታማሚውንም «አታስብ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይሆንም። የእግር መንገድ፣ የተስተካከለ እንቅልፍና በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ለብዙዎች ይጠቅማሉ። በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው፣ ጋዝ የሚያመጣ ስኳር ያለባቸውን ምግቦች ለጊዜው የሚያስተወው ሎው ፎድማፕ የተባለው አመጋገብም አለ፤ እሱን ግን በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተረዱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ይያዙት፤ ከዚያም የተዉትን ምግብ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያስቸግርዎ በማስታወሻ ይመዝግቡ።